ለፓርኩር ልምምድ የሚሆን ጫማ ከባሕር ዳር ገበያ እንዴት ይመረጣል?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ለራሴ ሳይሆን 16 ዓመት ለሞላው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ፓርኩር መለማመድ ከጀመረ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ቤት አይገኝም፤ በጣና ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ፣ በአግዳሚ ወንበሮቹና በአጫጭር የድንጋይ ግንቦቹ ላይ ሲዘል ያረፍዳል። ስፖርቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ሰውነቱ እየጠነከረ፣ በጊዜ መተኛትም እየለመደ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። ያስቸገረኝ የጫማው ጉዳይ ነው።

አሁን የሚለማመደው በሩጫ ጫማ ነው። ተረከዙ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ከሥሩ መሀል ለመሀል ጠንካራ ፕላስቲክ የገባበት፣ ሲያዩት የሚያምር ጫማ ነው፤ ሆኖም ባለፈው ሰሞን ዝቅ ባለ የብረት ቱቦ አጥር ላይ ሊያርፍ ሲሞክር እግሩ አምልጦት የእግሩ አገዳ ክፉኛ ተላጠ። እርሱ ጥፋቱ የጫማው ነው ይላል፤ እናታችን ደግሞ ጥፋቱ የመዝለሉ ነው ትላለች።

ለአዲስ ጫማ ያዘጋጀሁት 3500 ብር ነው። ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ አንዱ ነጋዴ የሸራ ጫማ፣ ሌላው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ረጅም ጫማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ‹‹ኦሪጅናል ነው›› እያለ ሳልባጅ ያሳየኛል። ሁሉም ‹‹ለስፖርት ነው›› ይላሉ። በዚህ ገንዘብ ምን ዓይነት ጫማ ብገዛለት ይሻላል? ሳልባጅስ ይታመናል? ክረምቱም እየገባ ስለሆነ እርጥብ መሬት ላይ የማያንሸራትት ጫማ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ስለምርት ስም ብዙም አላውቅምና ጫማውን በእጄ ይዤ ልፈትሽ የምችልበትን መንገድ ብታስረዱኝ እመርጣለሁ።


የሐይቅ ዳር ዘላይ

ሰላም እህታችን። በቅድሚያ ለወንድምዎ እግዚአብሔር ይማርህ በሉልኝ። እኔም እዚሁ ከተማ ከታዳጊዎች ጋር የምለማመድ ሰው ነኝና የሚያውቀኝ ሊሆን ይችላል።

ወንድምዎ ጥፋቱን በጫማው ላይ ማሳበቡ ውሸት አይደለም። የሩጫ ጫማ የሚሠራው ወደ ፊት ብቻ ለሚሄድ እግር ነው። አምራቹ መንገዱ የሚበላው ተረከዙንና የጣቶቹን አካባቢ መሆኑን ስለሚያውቅ ጎማውን እዚያ እዚያ ይለጥፍና መሀሉን ክብደት ለመቀነስ ሲል በፕላስቲክ ወይም ባልተሸፈነ ስፖንጅ ይተወዋል። በፓርኩር ግን ያ መሀል ሥራ የሚሠራ ቦታ ነው። ዘላዩ በጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግሩ ክፍል ቱቦው ላይ ለማረፍ አልሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቱቦው የሚያገኘው ያንኑ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ መቆሚያ የለውም።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ የጫማውን ፊት ሳያዩ መጀመሪያ ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ። የሚፈልጉት ከጣት እስከ ተረከዝ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ወጥ ጎማ ነው። ቀጥሎ ተረከዙንና አፍንጫውን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ውስጥ ይግፉት። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው የሰው ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ ድፍት የሚል ከሆነ ሲያርፍ የእግሩን ጎድጓዳ ክፍል የሚደግፈው ነገር አይኖርም፤ ጭራሹኑ የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ እግሩ ግንብ ላይ ሲቆም ጣቶቹ ጠርዙን ሊጨብጡ አይችሉም።

የጎማው ዓይነት ከቅርጹ ይበልጣል። በአውራ ጣትዎ ጥፍር ሶሉን ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ጥሩ ጎማ ጥፍሩን ትንሽ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጥፍርዎን የማያስገባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣት ሲመቱት እንደ ፕላስቲክ ዕቃ የሚያቃጭል ከሆነ ስሙ ጎማ ቢባልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነጋዴው ከፈቀደልዎ ጫማውን በእጅዎ ይዘው በሱቁ ሴራሚክ ላይ ጫን አድርገው ወደ ፊት ይግፉት፤ መሄድ እንቢ ብሎ ሲጮህ መልካም ምልክት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ጎማው ለስላሳ በሆነ ቁጥር የተሻለ ይይዛል፣ በዚያው መጠንም ቶሎ ያልቃል። ሁለቱን አሟልቶ የሚሰጥ ጫማ አላየሁም፤ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው የሚይዘውን ነው።

የሶሉ ጥርስ ጥልቅ መሆን አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ጥልቅ ጥርስ ያለው ጫማ የበለጠ የሚይዝ ይመስለዋል፤ ይህ ለጭቃና ለሣር እውነት ነው፣ ለአርማታና ለድንጋይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሰፊ ጎማ መሬቱን መንካቱ ነው። ጥልቅ ጥርስ ውስጥ ጠጠር ይገባል፤ ጠጠር ሲገባ ደግሞ የሚቆሙት በጎማው ሳይሆን በጠጠሩ ላይ ነው። ታኬታ ጨርሶ አይታሰብም፤ አንዳንድ ታዳጊ ከእግር ኳስ ሜዳ በቀጥታ ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው ይህን የምለው።

ውፍረትን በተመለከተ፣ ስፖንጁ ወፍራም በሆነ ቁጥር ጉልበት የሚተርፍ ይመስላል። ቆሞ ለሚውል ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ዘላይ ግን በአንድ ጠባብ ግንብ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በውስጥ እግሩ ማወቅ አለበት፤ በወፍራም ስፖንጅ ላይ የቆመ እግር ይህን አያውቅም፤ ስፖንጁ በአንድ ጎን ሲጫን ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ይዞት ይዞራል። ብዙ የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከጣቱ በ10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ለወንድምዎ ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ ወደ ጠፍጣፋነት የሚያደላውን ይፈልጉለት። ተረከዙ ውስጥ አየር ወይም ጄል የተሞላበትንም ይተውት፤ ጠርዝ ላይ ደጋግሞ ሲመታ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ጫማው ያነክሳል።

ስለ ምርት ስም አለማወቅዎ ጉዳት የለውም። ፓርኩር በፈረንሳይ ሊስ በምትባለው የፓሪስ አቅራቢያ ከተማ በእነ ዴቪድ ቤልና ያማካሲ በተባለው ቡድን ወጣቶች እጅ ሲያድግ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ጫማ አልነበረም። በኋላም ቢሆን በአውሮፓ ዘላዮች እግር ላይ በብዛት ይታዩ የነበሩት ዲካትሎን የተባለው የስፖርት ዕቃ መደብር በካሌንጂ ስም ይሸጠው የነበረው ርካሽ የሩጫ ጫማና ከሻንጋይ የመጣው ፌይዩ የተባለው ቀጭን የሸራ ጫማ ነበሩ። ዛሬ ለፓርኩር ተብለው የሚሠሩ ጫማዎች አሉ፤ እነርሱን ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ መፈለግ ግን ድካም ነው። ከዚያ ይልቅ በገበያችን የሞላው የስኬትቦርድ ቅርጽ ያለው ስኒከር፣ ማለትም ጠፍጣፋ ሶልና ዙሪያውን የጎማ ግንብ ያለው ጫማ፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ክብደቱ ትንሽ ይበዛል እንጂ አይጨክንም።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ጫማ የሚመረጠው ለሚዘለልበት መሬት ነውና። የሐይቁ ዳር ጥቁር ድንጋይ ሸካራ ስለሆነ በደረቅ ጊዜ ደካማ ጫማንም ይታገሣል፤ በአንጻሩ ጎማ እንደ ሞረድ ይበላል። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች የተነጠፈው ልሙጥ ንጣፍ ግን ሌላ ነው፤ በበጋ የግንባታ አቧራ ስስ ሆኖ ይተኛበትና ጥሩ ጎማ እንኳ ከድንጋዩ ጋር ሳይገናኝ በአቧራው ላይ ይንሸራተታል። ልምድ ያላቸው ልጆች ከመዝለላቸው በፊት ሶላቸውን በመዳፋቸው ወይም በሱሪያቸው ጠረግ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀባው የመንገድ ጠርዝ ላይም ማረፍ ካለባቸው ቀለም ያልነካውን ወይም የተፋቀውን ቦታ ይምረጡ። ጅምር ሕንፃ ላይ መውጣት ግን በምንም ጫማ አይፈቀድም፤ ከእኔ ጋር የሚለማመድ ልጅ ይህን ከጣሰ በማግሥቱ አይመጣም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ልጁ እንዳይቧጠጥበት የሚሳሳለት ጫማ አይግዙለት። ጫማውን እያሰበ የሚዘል ልጅ እግሩን አያስብም። በ3500 ብር መካከለኛ አዲስ ጫማ ገዝተው ሲያልቅ መለወጡ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ ውድ ከመግዛት ይሻላል።


ባዶ እግር

የሁላችሁንም አስተያየት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጫማውን ከልክ በላይ አገዘፍነው ብዬ አምናለሁ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። እኛም ያደግነው በባዶ እግራችን ዋርካና ሾላ ላይ ስንወጣና ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስንዘል ነው፤ እግራችን የነካውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጁ ለጊዜው ጫማውን አውልቆ በሣርና በአሸዋ ላይ ቢለማመድ ገንዘቡም ይተርፋል፣ እግሩም ይጠነክራል።


ወስፌና ማስቲሽ

ልጄ ሆይ፣ እኔ የምጽፍልሽ ዘላይ ሆኜ ሳይሆን ጫማ ሲጠግን ያረጀ ሰው ሆኜ ነው። ከላይ የጻፈው ወንድማችን ስለ አዲስ ጫማ የተናገረውን አልደግምም፤ የእኔ ነገር ሳልባጁ ነው።

ሳልባጅ መጥፎ ነው የሚሉሽን አትስሚ፤ ጥሩ ነው የሚሉሽንም ሙሉ በሙሉ አትመኚ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ሆኖ የማይገኝ ደኅና ጎማ ሳልባጅ ውስጥ ይገኛል። ችግሩ ጫማ ሳይለበስም የሚያረጅ መሆኑ ነው። ከውጭኛው ጎማ በላይ ያለው የመሀል ሶል አንዳንዱ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል፤ ይህ ነገር የአየር እርጥበት እየጠጣ ከውስጥ ይፈራርሳል። ሳጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ፣ ላዩ አዲስ የመሰለ ጫማ ለጥቂት ቀን እንደተለበሰ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ለሁለት ሲከፈል በእጄ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ማስቲሽ ይይዘዋል ብሎ ያመጣዋል፤ ማስቲሽ ግን ፍርፋሪን ከፍርፋሪ አያጣብቅም። መንገድ ላይ ቢሆን ሰውየው እያነከሰ ቤቱ ይገባል፤ ወንድምሽ ግንብ ላይ እያለ ቢሆንስ?

ስለዚህ ሳልባጅ ስታነሺ የሶሉን ጎን፣ ጎማው ከስፖንጁ በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ በጥፍርሽ ተጫኚው። ፍርፋሪ ከወረደ ወይም ጥፍርሽ ላይ እንደ ሙጫ ከተጣበቀ ዋጋውን ሳትጠይቂ መልሺው። ቀጥሎ አፍንጫውን እስኪቆለመም አጥፈሽ የተወጠረውን የጎማ ክፍል ወደ ብርሃን አዙሪው፤ ያረጀ ጎማ እጥፋቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያሳያል። ቀጥሎ ጫማዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁመሽ ከኋላቸው ዝቅ ብለሽ እዪአቸው፤ ተረከዛቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለ ከሆነ የፊተኛው ባለቤት አረማመድ ተቀርጾባቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ለቤተ ክርስቲያን መሄጃ ይሆናል፤ ለዝላይ ግን ወንድምሽ ገና ከመሬት ሳይነሣ እግሩን ያጋድልበታል።

አዲስም ገዛሽ ሳልባጅ፣ ዘላዮች ጫማቸውን የሚጨርሱት ከአፍንጫው ነው። ግድግዳ ላይ ሮጠው ሲወጡ ጣታቸውን እየጎተቱ ስለሚሄዱ ሶሉ ከላይኛው ሸራ ወይም ቆዳ የሚለቀው መጀመሪያ እዚያ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን የተሰፋ ጫማ ብታገኚ ከተለጠፈው ይሻላል። የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ ገና ሳይላቀቅ አፍንጫውንና ሁለቱን ጎኖች አሰፊው። ለጠጋኙም ይህን ንገሪው፦ ጎማው ላይ መጀመሪያ በስለት ቀጭን ቦይ ይቅደድና ክሩን ቦዩ ውስጥ ያስተኛው። ክሩ ከጎማው በላይ ከቀረ ሲሚንቶ የነካው ዕለት ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ የስፌቱ ገንዘብ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። የናይሎን ክር ይጠቀም፤ የጥጥ ክር ውኃ ሲጠጣ ይበሰብሳል።

ሶሉ ሲያልቅ የመኪና ጎማ እናስርበት የሚል ሰው ካጋጠመሽ አመስግነሽ እለፊው። የመኪና ጎማ ለበረባሶ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ አይታጠፍም፣ ልጁም እግሩ ሥር ያለውን ሳያውቅ ይዘላል። ሙያዬን አሳንሼ አይደለም ይህን የምለው፤ የማይጠገን ሲመጣብኝ የማይጠገን ነው ማለትን ስለለመድሁ ነው።


ፊዚዮ ከፔዳ

እንደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጥቂት ነጥቦችን ላክል።

‹‹ባዶ እግር›› ያሉት ጸሐፊ ስለ እግር መጠንከር የተናገሩት እውነትነት አለው። በሣር ላይ በባዶ እግር ሚዛን መጠበቅን፣ በጣት መቆምንና ቀላል ዝላዮችን መለማመድ በውስጥ እግር ያሉትን ትናንሽ ጡንቻዎች ያሠራል፤ ለወንድምዎም እመክረዋለሁ። ይሁን እንጂ የማራቶን ምሳሌው እዚህ በደንብ አይገጥምም። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመሬት የሚነሣው ጥቂት ነው፤ ዘላይ ግን ከራሱ ወገብ ከፍታ በአርማታ ላይ ሲያርፍ በእግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አበበ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ በድጋሚ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። በሐይቁ ዳርና በኮብልስቶን መሀል ደግሞ የጠርሙስ ስባሪና የብረት ሽቦ አይጠፋም፤ ለእኔ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን ረጅም ጫማ በተመለከተ፣ ወለምታን ይከላከላል ብሎ መመካት አይገባም። አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ በውጭው ጎን ያሉት ጅማቶች ተወጥረው ነው። ለስላሳ ሸራ ወይም ስስ ቆዳ የሰውን ሙሉ ክብደት ይዞ ያንን መጠማዘዝ ሊያቆም አይችልም፤ በጣም ጠንካራ ቢሆን ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት እንዳይታጠፍ ስለሚይዘው ጫናው ወደ ጉልበት ይወጣል። ረጅሙ ጫማ የሚሰጠው ግልጽ ጥቅም አጥንቱን ከመቧጠጥ ማዳኑ ነው። ከጫማው ቁመት ይልቅ ተረከዙን የሚይዘው የኋላ ክፍል ጠንካራ መሆኑን ይፈትሹ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግራና ቀኝ ሲጫኑት ወዲያው የሚጣበቅ ከሆነ ሲያርፍ ተረከዙ ውስጡ ይዋኛል።

ስለ ስፖንጁም ‹‹የሐይቅ ዳር ዘላይ›› ከተናገሩት ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጫናውን የሚቀበሉት በዋናነት ጫማው ሳይሆን የታጠፉ ጉልበቶች፣ ዳሌዎችና ቁርጭምጭሚቶች ናቸው። ልጁ በጣቶቹ ሥር አርፎ ተረከዙን ቀስ ብሎ ዝቅ የሚያደርግ፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ በትከሻው ተንከባሎ የሚነሣ ከሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ይበቃዋል። ‹‹ዱብ›› የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ከፍታውን ይቀንስ። በወፍራም ስፖንጅ ላይ የሚለማመድ ጀማሪ በተረከዙ ቢያርፍም ወዲያው ስለማያመው ስሕተቱን ሳያውቅ ይቆያል፤ ቀጭን ሶል ያን ዕለት ይነግረዋል። ስለዚህ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲሸጋገር በአንድ ጊዜ አይሁን፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሬት ላይ ያሉ ትናንሽ ዝላዮችን ብቻ ቢሠራ ባቱና የተረከዙ ጅማት ይለምዳሉ።

ወንድምዎ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው የአጥንት እብጠት ላይ ሕመም መሰማት በሚዘሉ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። እዚያ ላይ ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ጫማ መለወጥ ብቻውን አይፈታውም፤ ዝላዩን ቀንሶ መታየት ያስፈልገዋል። ወለም ካለውና እግሩን መርገጥ ካቃተው ደግሞ ወጌሻ ሳይነካው በፊት ስብራት አለመኖሩ በራጅ ይረጋገጥ። ወጌሻዎቻችንን አልንቅም፤ የተሰበረ እግር ሲታሽ የሚያስከትለውን ግን በሥራዬ አየዋለሁ።


ባዶ እግር

የቶኪዮውን ስለጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ፤ በአርማታ ላይ ጫማ ይደረግ በሚለው እስማማለሁ። የሣሩን ልምምድ ግን አደራ።


ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ አባታችን ‹‹ወስፌና ማስቲሽ››፣ የነገሩኝን የጥፍር ፍተሻ ትናንት ገበያ ወጥቼ ሞከርሁት። ‹‹ኦሪጅናል›› የተባለው ሳልባጅ ጎኑን ስጫነው ጥፍሬ ሥር ቢጫ ፍርፋሪ ቀረ፤ ነጋዴው ‹‹ጥፍርሽ ረጅም ነው›› አለኝ።

ወንድሜም አብሮኝ ስለነበረ ምርጫችን ወደ ሁለት ጠቧል። አንዱ አዲስ የሸራ ጫማ ነው፤ ሶሉ ቀጭንና ለስላሳ፣ ዋጋውም ከያዝሁት ገንዘብ ግማሽ ያህል ነው። ነገር ግን የውስጥ ሶሉን አውጥቼ ሳየው ከሥሩ ምንም ስፖንጅ የለውም፤ ሲታጠፍም በፈለግሁት ቦታ ሁሉ ይታጠፋል። ሌላው ጠፍጣፋ ስኒከር ነው፤ ዙሪያው የተሰፋ፣ አፍንጫው ላይ ተጨማሪ ጎማ ያለው፣ ላዩ እንደ ከፋይ ያለ ሸካራ ቆዳ ነው። እርሱ ሙሉውን 3500 ብር ይፈጃል። ጎማው ጥፍር ይቀበላል፤ ሴራሚክ ላይ ስገፋው ግን የሸራውን ያህል አልጮኸም።

ሌላው ችግር ቁጥሩ ነው። በሁለተኛው ጫማ 41 ጣቱን ይነካዋል፣ 42 ደግሞ ተረከዙ ላይ ትንሽ ይለቃል። ነጋዴው ‹‹እያደገ ስለሆነ 43 ውሰጂለት›› ይለኛል። የዝናቡንም ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።


የሐይቅ ዳር ዘላይ

ሁለተኛውን ይውሰዱ። የሸራው ጫማ ከብዙ ልምምድ በኋላ ለጠነከረ እግር ጥሩ ነው፤ እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ። በፎቅ ከፍታ ሳይሆን በወንበር ከፍታ እንኳ ጠጠር ላይ ሲያርፉበት ግን ተረከዝን ያቆስላል፤ የተመታ ተረከዝ ደግሞ ለሳምንታት ያስነክሳል። ያነሰ መጮኹ አያሳስብዎ፤ አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ስለሚኖረው መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል። ወንድምዎ ጫማውን አድርጎ በአስፋልት ላይ ጥቂት ቀን ቢራመድበት ወይም ሶሉን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ቢያሸው ይለቃል። እስከዚያ ድረስ ቱቦ ላይ አይውጣ።

43 የሚለውን አይቀበሉ። ለትምህርት ቤት ጫማ ሲሆን ማደጊያ መተው የእናቶቻችን ብልሃት ነው፤ ለዝላይ ግን በጫማው ውስጥ የሚንሸራተት እግር ጫማው በድንጋዩ ላይ ቢይዝም ባይዝም ያው ነው። 42ን ይውሰዱ፤ ረጅሙ ጣቱ ከአፍንጫው ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከሰዓት በኋላ፣ እግሩ ሙቀትና መንገድ አግኝቶ ሲያብጥ፣ በሚለማመድበት ካልሲ ይለካው። የሚለቀው ተረከዝ ጫማው ላይኛው የክር ቀዳዳ ካለው በእርሱ ይስተካከላል፤ አብዛኛው ሰው ሳያስገባበት የሚተወው ያ የመጨረሻው ቀዳዳ ለዚሁ የተበጀ ነው። ክሩን አጥብቆ ካሰረ በኋላ የቀረውን ጫፍና ቀለበቱን ከምላሱ ሥር ይሸጉጠው፤ አጥር ላይ የሚይዝ ክር እግርን ይዞ ያስቀራል።

ዝናቡን በተመለከተ በቀጥታ ልመልስልዎ፦ እርጥብ ብረት፣ እርጥብ ሴራሚክና እርጥብ ቀለም ላይ የማያንሸራትት የፓርኩር ጫማ የለም፤ አለ የሚልዎ ነጋዴ ሊሸጥልዎ ነው። እርጥብ ሸካራ አርማታ ላይ ጥሩ ጎማ በመጠኑ ይይዛል። ከሐይቁ ውኃ ጋር የሚገናኘው ድንጋይ ደግሞ በክረምትም በበጋም አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል፤ እዚያ ላይ ልጆቼን በደረቅ ቀን እንኳ አላቆምም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ እኛ የምንሠራው ማለዳ ነው፤ በከተማችን ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚጥል ነው፤ ድንጋዩ ካልደረቀም ሣር ላይ መንከባለልንና ሚዛን መጠበቅን እንለማመዳለን። ወንድምዎ መምጣት ከፈለገ ደስ ይለናል፤ እናታችሁም መጥተው ቢያዩ አይከፋንም።


ወስፌና ማስቲሽ

ነጋዴው ስለ ጥፍርሽ የተናገረው አሳቀኝ።

ጫማው ሲረጥብ ምድጃ ዳር ወይም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እንዳታሰጪው። ማስቲሹ በሙቀት ይለሰልስና ሶሉ ይላቀቃል፤ ቆዳውም ደርቆ ይሰነጠቃል። የውስጥ ሶሉን አውጥተሽ ለብቻው፣ ጫማውን ደግሞ ጋዜጣ ጎስጉሰሽበት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀምጪው፤ ጋዜጣው ሲርስ ለውጪው። የሶሉ አፍንጫ ትንሽ እንኳ ከተከፈተ ልጁ በራሱ ሱፐር ግሉ እንዳያፈስበት ንገሪው፤ ያ ነገር ሲደርቅ እንደ መስተዋት ስለሚጠነክር በመጀመሪያው እጥፋት ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ የእኔም ማስቲሽ አይይዝለትም። ከእነ አቧራው ሳይሆን ታጥቦና ደርቆ ወደ ጠጋኝ ይምጣ፤ ጠጋኙም ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ሁለቱንም ቀብቶ፣ በእጅ ሲነኩት እስከማይጣበቅ ጠብቆ ይጫነው፤ አንድ ሌሊትም ይደር። ልጁ ‹‹አሁኑኑ አድርጌው ልሂድ›› ካለ አይስጠው።


ታላቅ እህት (ጠያቂ)

42ን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገዝተናል። ላይኛውን ቀዳዳ ሲያስገባበት ተረከዙ መልቀቁን ተወ። የሶሉን ላይ በብርጭቆ ወረቀት እያሸው ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ ከእናታችን ጋር እንመጣለን።